ልጆችን ይዞ ወደ ፎርትላንዲያ፦ በኦስቲን የዱር አበቦች ማዕከል ስለሚቆሙት የመጫወቻ ጎጆዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው ሌዲ በርድ ጆንሰን የዱር አበቦች ማዕከል ከ2018 ጀምሮ ቀዝቀዝ ባሉት ወራት «ፎርትላንዲያ» የሚባል የመጫወቻ ጎጆዎች ትርኢት ያሰናዳል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በቴክሳስ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ከመሄዳቸው በፊት የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ፎርት» ማለት ምሽግ አይደለም? ልጆች ምሽግ ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም ምሽግ ነው፤ ነገር ግን አሜሪካዊ ልጅ «ፎርት እንሥራ» ሲል ወታደርም ጠመንጃም በሐሳቡ የለም። ሁለት ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ከሥሩ መግባት፣ ጓሮ ውስጥ ቅርንጫፎችን አጋድሞ አዋቂ የማይገባበት ቤት መቀለስ ማለቱ ነው። እቃቃ እየተጫወተ ላደገ፣ ወይም ማሽላ ከወፍ ለመጠበቅ ማሳ መካከል በቆመ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ላስወነጨፈ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ፎርትላንዲያ ይህንኑ የልጅነት ጨዋታ ለባለሙያ የሰጠ ትርኢት ነው። ማዕከሉ የአካባቢው አርክቴክቶች፣ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያዎች፣ ሠዓሊዎችና ግንበኞች ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ ይጋብዛል፤ የተመረጡት፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ገደማ የሚሆኑት፣ በዛፎች መካከል ተተክለው ለወራት ይቆያሉ። ንድፎቹ በየዓመቱ ስለሚለወጡ አምና የታየው ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጎጆ በፎቶግራፍ አይታችሁ ለልጃችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ፎቶግራፉ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አረጋግጡ።

ማዕከሉ ራሱ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

የተመሠረተው በ1982 ሲሆን፣ መሥራቾቹ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ባለቤት የነበሩት ሌዲ በርድ ጆንሰንና ተዋናይቷ ሄለን ሄይስ ናቸው። «ሌዲ በርድ» ከልጅነታቸው ጀምሮ የወጣላቸው ቅጽል ስም ነው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ክላውዲያ ነበር። እኚህ ሴት በ1965 የአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር እንዲያምር የወጣውን ሕግ ከኋላ ሆነው በመግፋት ይታወቃሉ። ማዕከሉ በመጀመሪያ የዱር አበቦች የምርምር ተቋም ነበር፤ ወደ አሁኑ ቦታው የተዛወረው በ1995 ነው፤ በ2006 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ2017 ደግሞ የግዛቲቱ የዕፅዋት መናፈሻ ተብሎ ተሰየመ። አገር ቤት ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል የጎበኙ ወላጆች አሠራሩን በቀላሉ ይረዱታል፤ እዚያም ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ፣ የአገሩን ዕፅዋት ለማቆየት የቆመ ቦታ ነው።

ይህ ታሪክ ለልጆች ብዙም ላይጥማቸው ይችላል፤ ለወላጅ ግን አንድ ጥቅም አለው። በማዕከሉ ውስጥ የሚታየው ተክል የቴክሳስ የራሱ እንጂ ከሩቅ አገር መጥቶ ለጌጥ የተተከለ አይደለም። ስለዚህ ልጃችሁ እዚያ ያወቀውን ዛፍ በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ለምን ዓመቱን ሙሉ አይቆይም?

ትርኢቱ የሚከፈተው በኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ ይቆያል፤ በእኛ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር መሆኑ ነው። ትክክለኛዎቹ ቀናት በየዓመቱ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉና የዘንድሮውን ከማዕከሉ መግለጫ ተመልከቱ።

በኦስቲን በበጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት፣ ሙቀቱ ደጋግሞ ከ38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ልጅን ለሰዓታት ደጅ ማሯሯጥ አይቻልም። ከማርች ማብቂያ እስከ ኤፕሪል ደግሞ የቴክሳስ መለያ የሆነው ሰማያዊ አበባ፣ ብሉቦኔት፣ የሚፈካበት ስለሆነ ጎብኚው ሁሉ ዓይኑ አበባው ላይ ነው። ጎጆዎቹ አበባ ባነሰበት ወራት መቆማቸው የታሰበበት ይመስለኛል፤ ቤተሰብ ወደ መናፈሻ ለመሄድ ምክንያት በሚያጣበት ጊዜ ምክንያት ይሰጡታል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ብሉቦኔት የሚበቅለው በጸደይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው የመጸው ወራት ነው። ዘሩ በዝናብ ርሶ ቡቃያው ክረምቱን፣ ማለትም የብርዱን ወራት፣ መሬት ላይ እንደ ትንሽ ኮከብ ተለጥፎ ያሳልፋል። በዲሴምበር ልጆች አረም መስሏቸው የሚረግጡት አረንጓዴ ነገር የሚቀጥለው ኤፕሪል አበባ ሊሆን ይችላልና ከመንገዱ እንዳይወጡ መንገር ተገቢ ነው።

ለስንት ዓመት ልጅ ይስማማል?

በእኛ ግምት በጣም የሚደሰቱት ከአራት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉት ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት የሚወዱት ዝቅ ያለውን ነገር ነው፤ ቀዳዳ፣ መሿለኪያ፣ ድምፅ የሚያወጣ ሰሌዳ። ጎጆዎቹ በተለያየ እጅ የተሠሩ በመሆናቸው አንዱ ለመንጠላጠል፣ ሌላው ለመደበቅ፣ ሦስተኛው ቁጭ ብሎ ሰማይ ለማየት የሚመች ሊሆን ይችላል። አሥራ ሁለት የሞላው ልጅ በመጀመሪያ «ይህ የሕፃናት ነው» ብሎ ይኮራል፤ ታናሹን አግባ አስወጣ የሚል ኃላፊነት ብትሰጡት ግን ከሁሉም የሚቆየው እሱ ነው። ለእንዲህ ያለው ታዳጊ «ይህን ጎጆ አንተ ብትሠራው ኖሮ ምኑን ትለውጥ ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ደስ አለህ?» ከሚለው ይልቅ ረዘም ያለ መልስ ያመጣል።

ልጄ ቢወድቅስ? ምን ያህል ልከልክለው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። በየጎጆው አጠገብ የሚቆመውን ምልክት አስቀድማችሁ አንብቡ፤ መውጣት የማይፈቀድበትን፣ በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው ብዛት ወይም የዕድሜ ገደብ የሚናገር ከሆነ ለልጁ ከመግባቱ በፊት ንገሩት። ልጆቹን የመጠበቅ ኃላፊነት የወላጅ እንጂ የማዕከሉ ሠራተኞች አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአስተዳደግ ጉዳይ ስለሆነ የራሳችንን አስተያየት እንሰጣለን። ብዙዎቻችን አገር ቤት ሳለን ዛፍ ላይ ወጥተን፣ ወንዝ ተሻግረን፣ ጉልበታችን ተልጦ ነው ያደግነው፤ እዚህ መጥተን ግን «ተው»፣ «ውረድ»፣ «ልብስህን አቆሸሽክ» ከአፋችን አይጠፋም። የጎጆው ጥቅም ልጁ ራሱ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ማሰቡ ነው፤ በክንዱ አንሥታችሁ ጫፍ ላይ ካስቀመጣችሁት የመውረጃውን መንገድ አያውቀውም፣ ብዙውን ጊዜም የሚደናገጠው ያኔ ነው። በገዛ ኃይሉ መውጣት ያልቻለበት ቦታ ላይ አታውጡት፤ በገዛ ኃይሉ ከወጣ ግን አንድ እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እናት ከሥር እየጮኸች ልጅ ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም። አያቶች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ይህን በመኪና ውስጥ ሳላችሁ ብትነጋገሩበት መልካም ነው፤ እማማ «ልጁን ገደላችሁት!» ካሉ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ትኬት እንዴት ይገኛል?

ትርኢቱ በመደበኛው የመግቢያ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው፤ ለጎጆዎቹ ለብቻ አይከፈልም። ዋጋው በዕድሜ ይለያያል፤ በአንድ ወቅት ከሁለት ጊዜ በላይ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ የዓመት አባልነቱን ዋጋ አነጻጽሮ ቢገዛ ይሻለዋል። በዲሴምበር ምሽቶች «ሉሚኔሽንስ» የሚባለውና መንገዶቹ በሺዎች በሚቆጠሩ ብርሃናት የሚያጌጡበት ዝግጅት ግን የራሱ ትኬት ያለው ሌላ ዝግጅት ስለሆነ ከዚህኛው ጋር አታደባልቁት።

በስንት ሰዓት እንሂድ?

እንደተከፈተ። ቅዳሜና እሑድ ከረፋዱ በኋላ ሰው ስለሚበዛ ልጅ ጎጆ ለመግባት ወረፋ መጠበቅ ይጀምራል፤ ወረፋ ያለበት ጎጆ ደግሞ ጎጆነቱ ያበቃል። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር የምትቀጣጠሩ ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትነጋገሩ መጀመሪያ ተስማሙ፤ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ተባብለው ግማሹ ጧት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ የደረሱ ሰዎች ታሪክ በየከተማው አለ። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከዚያ በኋላ ቀኑ ያጥራል፤ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ 5፡30፣ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ምን እናልብሳቸው?

በኦክቶበር እኩለ ቀን ላይ አጭር እጅጌ ሊበቃ ይችላል፤ በጃንዋሪ ጧት ግን ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል። አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ በመካከለኛው ቴክሳስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን ከአሥር ዲግሪ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ተደራርቦ የሚወልቅ ልብስ፣ የተዘጋና የማያዳልጥ ጫማ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ ሱሪ ያዙ። ነጭ የአገር ልብስ አልብሶ ለፎቶግራፍ መሄድ የሚያምራቸው አሉ፤ ፎቶግራፉ እንደ ደረሳችሁ ይነሣ፣ ከዚያ ልብሱ መኪና ውስጥ ይቀመጥ።

ከየትኞቹ ተክሎችና ነፍሳት እንጠንቀቅ?

በመጀመሪያ በለስ። በቴክሳስ የሚበቅሉት የቁልቋል ዝርያዎች የእኛ በለስ ዘመዶች ናቸው፤ ትግራይና ወሎ የምናውቀው በለስም አመጣጡ ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ፍሬው በበጋው ማብቂያ ቀልቶ እስከ መጸው ስለሚቆይ የሚያውቀው ሰው እጁን መስደዱ አይቀርም። በማዕከሉ ውስጥ ምንም ነገር መቅጠፍ ተገቢ አይደለም፤ ከዚያም በላይ ጎልቶ ከሚታየው እሾህ ይልቅ የሚያስቸግረው እንደ ጸጉር የቀጠነው ነው። ልጁን ከወጋው በጣት ከማሸት ይልቅ በማጣበቂያ ቴፕ ወይም በወረንጦ ማውጣት ይሻላል።

ሁለተኛው ቴክሳስ ማውንቴን ሎረል የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። አበባው በጸደይ ይፈካል፤ በመጸው ደግሞ የዘር ከረጢቱ ተከፍቶ ደማቅ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ይታያል። ልጅ ዶቃ ይመስለዋል፤ በእርግጥም በጥንት ጊዜ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለጌጥ ይሰኩት ነበር። ፍሬው ግን መርዛም ነው። ቅርፊቱ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ አደጋው የሚብሰው ሲታኘክ ወይም ሲሰበር ነው፤ ሁሉን ነገር ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ካላችሁ ኪሱንና እጁን ፈትሹ። ልጅ አኝኮ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወደ አሜሪካ የመርዝ መረጃ መስመር በ1-800-222-1222 ደውሉ።

ሦስተኛው ፖይዝን አይቪ ነው፤ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክክና ውኃ የሚያስቋጥር ሐረግ። መንገዱን የማይለቅ ልጅ አያገኘውም። የእሳት ጉንዳን ክምርም ከዝናብ በኋላ ሣር ውስጥ ብቅ ይላል፤ ምንጣፍ ከማንጠፋችሁ በፊት መሬቱን ተመልከቱ።

ወላጅ የማይጠረጥረው ግን ልጁ በዛፉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በመካከለኛው ቴክሳስ የኦክ ዛፎችን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ አለ። ፈንገሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሱት በአዲስ ቁስል ላይ የሚወጣውን ፈሳሽ ለመቅመስ የሚመጡ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ በሽታው በተያያዙ ሥሮች በኩል ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ልጅ ጎጆ ለመሥራት ብሎ የሚሰብረው እርጥብ ቅርንጫፍ ለዛፉ በር መክፈት ነው። ልጆች ይህን ሲነገራቸው «አትንካ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ በደንብ ይቀበሉታል።

ልጄ አለርጂ አለበት። የሚያሰጋው ወቅት አለ?

አለ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ፣ በተለይ በጃንዋሪ፣ «ሲዳር ፊቨር» የሚባለው ይነሣል። ስሙ ሲዳር ይባል እንጂ ዛፉ ጥድ ነው፤ የእንጦጦና የመናገሻ ጥድ ዘመድ። ወንዴዎቹ ዛፎች ብናኛቸው ሲደርስ ወደ ብርቱካንማ ይለወጣሉ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመታቸው ብናኙ እንደ ጢስ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ትኩሳት ቢባልም ዋናው ምልክቱ ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክና የአፍንጫ መደፈን ነው። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ በኦክቶበርና በኖቬምበር መሄድ ይሻላል፤ በጃንዋሪ ግድ ከሆነ ከዝናብ ማግሥት ያለውን ፀጥ ያለ ቀን ምረጡ፤ መድኃኒቱንም አትርሱ።

የሕፃን ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳል?

ጎጆዎቹ የሚቆሙት «ቴክሳስ አርቦሪተም» በሚባለው፣ 16 ኤከር በሚሸፍነው የዛፎች ክፍል ነው። መንገዱ አስፋልት ሳይሆን ጠጠርና አፈር ስለሆነ ጎማው ትልቅ የሆነ ጋሪ በቀላሉ ይሄዳል፤ ለአውሮፕላን ጉዞ የተሠራው ታጣፊ ግን ያስቸግራል። ጨቅላ ካላችሁ ማዘያ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንቀልባ ያላት እናት እዚያ ከሁሉም ትቀድማለች። ከመግቢያው ሕንጻ እስከ ጎጆዎቹ የሚያስኬድ ርቀት ስላለ ልጆቹን እንደ ገባችሁ መጸዳጃ ቤት ውሰዱ፤ «አሁን አልመጣብኝም» የሚለውን መልስ አትቀበሉ።

ምግብስ? በጾም ወቅት ቢሆንስ?

በግቢው ውስጥ ካፌ አለ። የትርኢቱ ወራት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ከሚዘልቀው ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጣጠም የምትጾሙ ከሆነ ቆሎ፣ ፍራፍሬና ዳቦ በቦርሳ መያዝ ያዋጣል። ለልጆች ውኃ ከምትገምቱት እጥፍ ያዙ፤ ብርድ ስለሆነ አይጠሙም ማለት አይደለም።

ጎጆዎቹን አዳርሰን ጊዜ ቢተርፈንስ?

መጀመሪያ «አዳርሰን» የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ሁሉንም ለማየት ልጅን ከጎጆ ጎጆ መጎተት ከተለመዱት ስሕተቶች ዋናው ነው፤ በሦስቱ ጠግቦ ከተጫወተ ቀኑ ተሳክቷል።

እዚያው አርቦሪተሙ ውስጥ ላይቭ ኦክ በሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ላይ የተንጠለጠሉ ዥዋዥዌዎች አሉ፤ ላይቭ ኦክ ክረምቱን ቅጠሉን ስለማያራግፍ በጃንዋሪም ጥላ አለው፤ አያቶችም ማረፊያ ያገኛሉ። ከዚያ በ2014 የተከፈተው፣ 4.5 ኤከር የሆነው የቤተሰብ መናፈሻ ዓመቱን ሙሉ ያለ ነው፤ ከዱር ወይን ሐረግ የተጎነጎኑ፣ ልጅ የሚቀመጥባቸው ታላላቅ የወፍ ጎጆዎች፣ ዋሻ፣ በቁጥቋጦ የታጠረ ጥምዝምዝ መንገድና ሰፊ መሮጫ ሣር አለው። ዋናው ግቢ ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያን ከቦ የተሠራ የድንጋይ ማማ አለ፤ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያጠራቀሙ ተክል እንደሚያጠጡ ልጆች ማየት ይችላሉ። በኦክቶበር ከሆነ ወደ ሜክሲኮ የሚሰደዱትን ሞናርክ ቢራቢሮዎች ልታገኙ ትችላላችሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ በመግቢያው አካባቢ ግድግዳ ላይ ለዓመታት እየተመላለሰች እንቁላል የምትጥል ጉጉት አለች። አገር ቤት ጉጉት በሟርት ብትጠረጠርም፣ እዚህ ግን ጎብኚው ሁሉ ካሜራውን አንሥቶ የሚጠብቃት እንግዳ ናት።

ከዳላስ ወይም ከሂዩስተን ድረስ መምጣት ያዋጣል?

ከዳላስ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከሂዩስተን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ መንዳት ነው፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ይበልጣል። ለዚህ ብቻ ከሆነ አድካሚ ነው፤ ኦስቲን ዘመድ ካላችሁ ግን ቅዳሜ ማታ ደርሳችሁ አድራችሁ እሑድ ጧት መሄድ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ለሚሄዱ ቤተሰቦች የዲሴምበር ማብቂያ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሥራ ቀናት የተሻሉ ናቸው።

ቢዘንብስ?

ቀላል ካፊያ አያስቀርም፤ እርጥብ እንጨት ግን ያዳልጣልና መንጠላጠሉ ይቅር። ነጎድጓድ ከተሰማ ዛፍ ሥርም ሆነ ጎጆ ውስጥ መጠለል ተገቢ ስላልሆነ ወደ ዋናው ሕንጻ ወይም ወደ መኪናችሁ ግቡ። ከመነሣታችሁ በፊት ማዕከሉ መከፈቱን አረጋግጡ።

ልጆቹ «አንወጣም» ብለው ቢያለቅሱስ?

ያለቅሳሉ። ከመዘጊያው ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ የመጨረሻውን ጎጆ ራሳቸው እንዲመርጡ አድርጉ፤ ቤት ስትደርሱ ደግሞ ብርድ ልብስና አራት የልብስ መቆንጠጫ ስጧቸው።